ደም ብዛት ያለበት ሰው ማንጎ ይብላ ወይስ አይብላ?

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ እሁድ ማታ። እማዬ 63 ዓመቷ ነው። ደም ብዛት ከተገኘባት 6 ዓመት አልፏታል። ማንጎ ስትወድ ደግሞ ለጉድ ነው። ቢላዋ አታስቀርብም። ማንጎውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ጨመቅ ጨመቅ እያደረገች ታለሰልሰዋለች። ከዚያ ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ትተፋና መምጠጥ ትጀምራለች። ሲያልቅ እጇ ላይ የሚቀረው ባዶ ልጣጭና ጸጉራም ፍሬ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ቡና ላይ አንዲት ጎረቤታችን ማንጎ ደም ያበዛል አለቻት። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርም አለች። ይዤላት የሄድኩትን 2 ኪሎ ለሰፈር ልጆች አከፋፈለችው። እኔም ተናድጄ አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጻፍኩ፦ ደም ብዛት ያለበት ሰው ማንጎ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አናናስ፣ አቮካዶ ቢበላ ይጎዳዋል ወይ? የጠበቅሁት የአንድ መስመር መልስ ነበር። እስከ ዛሬ 31 ደርሷል። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ፣ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ።

1ኛዋ መላሽ እናቴን ባረከቻት። ፍራፍሬ የፈጣሪ ስጦታ ስለሆነ ማንንም እንደማይጎዳም ጨመረችበት። ጥሩ ሰው ናት፤ መልሱ ግን መልስ አልነበረም። 2ኛው ከጎረቤታችን ጋር ወገነ። አክስቱ ቀይ ሥርና ማንጎ ስታበዛ ፊቷ ቲማቲም ይመስል እንደነበር፣ ስትተው ግን እንደተሻላት ተረከ። ደም የሚሞላ ነገር ደሙ ለበዛበት ሰው አይሆንም ነው የሚለው። አንድ ላይ ሲነበብ ልክ ይመስላል።

ነርስ ነኝ ያለው 3ኛው መላሽ ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው አለ። ደም ብዛት ስለምንለው ደሙ የበዛ ይመስለናል። በሽታው ግን የደሙ መጠን ሳይሆን ደሙ የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ደም ማነስ ያለበት ሰው ራሱ ሲለካ 160 ሊገኝበት እንደሚችል አስታወሰን። ስለዚህ ደም ይሞላል የሚባል ምግብ ሁሉ ግፊት ይጨምራል ማለት አይደለም። እኔ ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ እየጠራሁት አንድ ቀንም ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ነርሱ በዚያ አላበቃም። ፍራፍሬ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አለ፤ ፖታሲየም ኩላሊት ጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም በሽንት እንዲያስወጣ ይረዳል፣ የደም ሥርንም ያላላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ከምግብ እንዲገኝ ይመክራል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 420 ገደማ አለው። ግማሽ አቮካዶ 490 ያህል። 100 ግራም ማንጎ ደግሞ 170 አይሞላም፤ ከሦስቱ ስሙ የጠፋው ማንጎ ነው ከሦስቱም ቀለል ያለው። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ፍራፍሬ፣ አትክልትና ቅባቱ የወጣለት ወተት እየተሰጣቸው የቆዩ ግፊት ያለባቸው ሰዎች፣ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 11 ያህል እንደወረደላቸውም ጠቀሰ። በዚህ እንዘጋዋለን ብዬ ነበር።

4ኛው መላሽ ገባ። እሱ ስለ ማንጎ አልጠየቁኝም ብሎ የሚመለስ ሰው አይደለም። ሎሚ በባዶ ሆድ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ማታ የሽፈራው ቅጠል ሻይ። እሱ ክኒኑን ከጣለ 2 ዓመት እንደሆነው፣ እማዬም ብትጥለው እንደሚበጃት መከረ። 5ኛዋ በትሕትና ግፊቱ አሁን ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። 6ኛውም እሱው ነበር፦ መለካት እንደማያስፈልገው፣ ግፊት ሲነሳ ራሱን ስለሚያመው በራሱ እንደሚያውቀው መለሰ።

7ኛዋን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ወንድሟ እንዲሁ ራሱን ስላላመመው ብቻ ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን አቆመ። የሽፈራው ሻይ ነበር የሚጠጣው። በ4ኛው ወር አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ዛሬ የሚናገረውን የምትረዳው እሷ ብቻ ናት። ግፊት ለዓመታት ምንም ሳያሳምም እንደሚኖር፣ ሎሚም ሽፈራውም ከክኒኑ ጋር እንጂ በክኒኑ ፋንታ እንደማይሆን ጻፈች። ከዚያ ግን ቃላቷን አልመጠነችም። 4ኛውን በሰው ነፍስ የሚጫወት ብላ ጠራችው። እሱም በ8ኛው መልሱ እሷንም ነርሱንም የመድኃኒት ነጋዴ ተላላኪ አደረጋቸው። 9ኛው የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፤ ስድብ ከቀጠለ የውይይቱን ክር እንደሚዘጋ አስጠንቅቆ ወጣ።

ከዚያ ትንሽ ሳቅ መጣልን። 10ኛው መላሽ አናናስ በልቶ ግፊቱን ሲለካ 158 እንዳገኘ፣ በሌላ ቀን ደግሞ ሳይበላ 140 እንደነበር ተናገረ። ጥፋተኛው ታውቋል ማለት ነው። 11ኛዋ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ የት ነው የለካኸው? ከመለካትህ በፊት ምን ጠጣህ? ስንት ደቂቃ ተቀመጥክ? 12ኛው የሱ ኑዛዜ ነው። አናናሱን የገዛው ከታች ከሰፈሩ ሱቅ ነው፤ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ወጥቶ፣ አናናሱን ቆሞ በልቶ፣ ቡናውን ጨልጦ፣ ወዲያው ነው የለካው። በሚቀጥለው ቀን እሷ እንዳለችው ግማሽ ሰዓት ከቡና ርቆ፣ ሽንት ቤት ሄዶ፣ 5 ደቂቃ ጀርባውን አስደግፎ ተቀምጦ፣ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ለካ። አናናሱንም በልቶ ነበር። 138።

13ኛዋ ወደ ጁስ ቤት ወሰደችን። ፍራፍሬ ይፈቀዳል ሲባል ሰው ስፕሪስ ይፈቀዳል ብሎ እንደሚሰማ አነሳች። ሦስት ቀለም ተደርድሮ፣ ከላይ ቪምቶ ፈሶበት የሚመጣው ብርጭቆ ከሙሉ ፍሬ ጋር አንድ አይደለም። 14ኛው ጁስ ቤት ያለው ሰው ነበር፤ ቅር ብሎታል። ማንጎ ላይ ስኳር እንደማይጨምር፣ አቮካዶውን ግን ያለ ስኳር የሚጠጣለት እንደሌለ፣ ቪምቶውንም ደንበኛ ራሱ ይብዛ እያለ እንደሚያስጨምር ነገረን። ሳያስበው ግን አንድ ትልቅ ብርጭቆ የማንጎ ጁስ ከሁለት እስከ ሦስት ማንጎ እንደሚወስድ አወጣ። 15ኛዋ ይህችን ይዛ መጣች። እሷ ስኳርም ግፊትም አለባት። 100 ግራም ማንጎ 14 ግራም ያህል ስኳር ሲኖረው አቮካዶ 1 ግራም እንኳ እንደማይሞላ፣ እሷም በጾም አቮካዶዋን በሎሚና በቃሪያ ዳቦ ላይ ቀብታ እንደምትበላ፣ ማንጎ ካማራት ግማሹን ከምግብ በኋላ ቀስ ብላ እንደምትበላ ጻፈች። ጁስ ቤቱ ሰውዬ ያለ ስኳር አቮካዶ እንዲሞክር ጋበዘችው። አልመለሰላትም።

16ኛው ከእስራኤል ነው የጻፈው። እዚያ ክረምት ሲሆን ፖሜሎ የሚባለው ትልቅ የብርቱካን ዘመድ በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ ይከመራል፤ አባቱም ይወዱታል። የመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት ግን ግሬፕ ፍሩት ይከለክላል፤ ፖሜሎስ? ሲል ጠየቀ።

17ኛዋ ፋርማሲስት ናት። ይህን ክር ያዳነችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ለ16ኛው ፖሜሎም መራራ ብርቱካንም እንደ ግሬፕ ፍሩት እንደሚታዩ መለሰችለት። አንጀት ውስጥ አንዳንድ መድኃኒቶችን ወደ ደም ሳይገቡ የሚሰባብር ኤንዛይም አለ። ግሬፕ ፍሩት ያንን ያሰናክለዋል። ያኔ አንድ ክኒን የዋጠ ሰው ብዙ እንደዋጠ ይሆናል፤ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወርዳል፣ ያዞረዋል። ክኒኑን ጠዋት ፍሬውን ማታ ማድረግም አያድንም፤ ውጤቱ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። የተገኘው እንኳ በአጋጣሚ ነው። ካናዳ ውስጥ ፌሎዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲሞክሩ፣ የአልኮሉን ጣዕም ለመደበቅ የግሬፕ ፍሩት ጭማቂ ጨመሩበት፤ የመድኃኒቱ መጠን ደም ውስጥ ባልጠበቁት ሁኔታ አሻቀበ። በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚወስደው ኒፊዲፒንም በዚህ ይነካል። አምሎዲፒን ላይ ግን ውጤቱ በጣም ትንሽ ነው። ለኮሌስትሮል ከሚሰጡት ደግሞ ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን አሉበት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ፦ እናትህ የሚወስዱት ክኒን ስሙ ማን ነው? ከ16 መልስ በኋላ! እኔም ራሴ አላውቅም ነበር።

18ኛው የኔ ነው። እማዬ ክኒኖቿን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በላስቲክ አስራ ነው የምታስቀምጠው። ካርቶኑን ትጥላለች። ማሸጊያውን ደግሞ ለቦርሳዋ እንዲመች በመቀስ ትቆራርጠዋለች፤ ስለዚህ ስሙ ተቆርጧል። አንዱ ሙሉ ይነበባል፦ አምሎዲፒን 5። ሁለተኛው ላይ የቀረው «ላፕሪል 10» ብቻ ነው። ሦስተኛው ከ3 ወር በፊት የተጨመረላት ነው፤ ከሁለት ቁርጥራጭ ገጣጥሜ አነበብኩት፦ ስፒሮኖላክቶን 25። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ።

በ19ኛው ፋርማሲስቷ ድምጿ ተለወጠ። ኢናላፕሪል ፖታሲየም ሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። ስፒሮኖላክቶንም እንደዚሁ። ሁለቱን አብሮ መስጠት ያለ ነገር ነው፤ ግን በደም ምርመራ እየታየ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን ሌላ የግፊት መድኃኒት የሚወስደው ሰው በተቃራኒው ፖታሲየም በሽንቱ ይወጣበታል፤ እሱን ሙዝ ብላ ሊሉት ይችላሉ። አንድ በሽታ፣ አንድ ሙዝ፣ ሁለት ምክር። ስለዚህ ማንጎ ይበላል አይበላም ብሎ ለሁሉም አንድ መልስ መስጠት አይቻልም አለች። ሦስተኛው ክኒን ከተጨመረ ወዲህ ፖታሲየምና የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው ክሬያቲኒን ተመርምረው እንደሆነም ጠየቀች። አልተመረመረችም። ማዘዣውን የጻፉላት ቦታ ከ6 ወር በኋላ ተመለሺ ነው ያሏት። ማንነታቸውን አልጽፍም፤ ያስቆጨኝ ግን እሱ ነው።

20ኛው መላሽ በዝግታ ነው የጻፈው። አባቱ በሳምንት ሁለት ቀን የኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው። እሳቸው ቤት ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን፣ ቴምር አይገባም። አንድ ጊዜ ለእንግዳ የተቆረጠ ሙዝ በልተው የልብ ምታቸው ተዛብቶ ሌሊቱን ሆስፒታል አድረዋል። ነርሱ በ3ኛው መልስ የጻፈው ሁሉ ልክ እንደሆነ፣ ግን ጤነኛ ኩላሊት ላለው ሰው ልክ እንደሆነ አከለበት። ቆይቶም ነርሱ ልክ ነህ ብሎ በልብ ምልክት ተቀበለው። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጣለ፦ የምትጠቀሙት ጨው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ሆዴ ተንቦጫረቀ። እህቴ አሜሪካ ነው የምትኖረው። ባለፈው በጋ ሰው ስትልክ ለግፊት ጥሩ ነው ብላ ሁለት ጣሳ ሶዲየም የሌለው ጨው ልካላታለች። እማዬም ታዛለች። ሽሮዋ ላይ፣ እንቁላሏ ላይ፣ ቲማቲሟ ላይ እሱን ነው የምትነሰንሰው። ጣዕሙ ስለሚያንስባት ደግሞ እጇን አትሰስትም። ጣሳውን አዙሬ በጥቃቅን የተጻፈውን አነበብኩ። ፖታሲየም ክሎራይድ። 21ኛው መልሴ ይኸው ነው። ማንጎ ስላቆመች በምትኩ በቀን 3 ሙዝ እንደምትበላም ያኔ ነው የጻፍኩት። ሙዝ ማንም አልከለከላትማ።

22ኛው የፋርማሲስቷ ነው፤ አጭር ነው። እንዲህ ያለው ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያው ብቻ ከ600 ሚሊ ግራም በላይ ፖታሲየም እንዳለው፣ ዛሬውኑ እንዲነሳ፣ ክኒኑን ግን በራሳችን እንዳናቆም፣ ነገ ጠዋት ለደም ምርመራ እንድንሄድ፣ ድካም ወይም የልብ ምት መዛባት ካለ ነገን እንዳንጠብቅ። በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር አልነበረውም።

እኔ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ ሳለሁ ክሩ ምን ሲያደርግ አደረ መሰላችሁ? ስለ ሙዝ ጭስ ይጨቃጨቃል። 23ኛው በላምባ ጭስ የበሰለ ሙዝ ግፊት ይጨምራል ወይ ብሎ ጠየቀ። 24ኛው የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ ብሎ ተነሳ። ሙዙ ከአርባ ምንጭ ጥሬውን አረንጓዴ ሆኖ እንደሚጫን፣ አዲስ አበባ ዝግ ቤት ውስጥ እንደሚበስል፣ ከላምባው ጋር የሚወጣው ኤቲሊን ጋዝ ፍሬው ሲበስል ራሱ ከሚያወጣው ጋር አንድ እንደሆነ፣ ጭሱ ይበልጥ የሚጎዳው እዚያ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ልጅ እንደሆነ አብራራ። ጥሩ መልስ ነበር። 25ኛዋ የዱሮ ሙዝ ጣዕም የት ሄደ አለች። 26ኛው አትክልት ተራ ፒያሳ እያለ፣ በ2012 በኮሮና ጊዜ ወደ ጃን ሜዳ ከመሄዱ በፊት፣ ቅዳሜ ከእናቱ ጋር ጭቃውን እየዘለለ ይሄድ እንደነበር ተረከ። 27ኛዋ የሰው እናት ታማለች፣ ወደ ርዕሱ ተመለሱ ብላ ጮኸችባቸው። እግዜር ይስጣት።

28ኛዋ ከዱባይ ነው። አብረዋት ከሚሠሩት ፊሊፒናውያን ጥሬ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ መብላት ለምዳለች፤ እረፍት ላይ ሳህኑ መሃል ይቀመጣል፣ ሁሉም ይጠቅሳል። ለምርመራ ስትሄድ ግፊቷ 150 ሆኖ ማንጎውን ነበር የጠረጠረችው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀኑ ሙሉ የሚፈቅደው ጨው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ መሆኑን ያወቀችው በኋላ ነው። ማንጎውን አልተወችም፤ ጨውን ተወች። ለ20ኛው ደግሞ አንድ ነገር ነገረችው። እዚያ ሱፐርማርኬት የሚሸጥ፣ ሲቆረጥ ኮከብ የሚመስል ቢጫ ፍሬ አለ፤ ስታር ፍሩት ይባላል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መርዝ ነው፤ አእምሮ ድረስ ይደርሳል። ሰው ስጦታ ብሎ ቢያመጣላቸው እንዳያስቀምሱ አለችው። እሱም አመሰገናት።

29ኛው የኔ ነው፤ ከ3 ቀን በኋላ። የእማዬ ፖታሲየም 5.7 ሆኖ ተገኘ። ጤነኛው ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ነው። ዶክተሯ የልብ ምርመራ አሠራቻት፤ ደህና ነው። ስፒሮኖላክቶኑን አስቆመቻት፣ የአሜሪካውን ጨው አስጣለቻት፣ ሙዙን ለጊዜው አስቀነሰቻት። በሳምንቱ ሲደገም 4.6። ለእህቴ መንገር ነው የከበደኝ። አለቀሰች። ሰው ለእናቱ መርዝ አይልክም እያልኩ አጽናናኋት።

30ኛው ያ የሎሚው ሰውዬ ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ነገሩን ሁሉ ሲያነብ እንደነበር ግን ያስታውቃል። ፋርማሲ ግፊት በነፃ ይለካሉ ወይ ብቻ አለ። 7ኛዋ፣ ያቺ የወንድሟ ነገር ያቃጠላት ልጅ፣ 31ኛዋ ሆና መለሰችለት። ብዙ ቦታ በትንሽ ገንዘብ እንደሚለኩ፣ ጠዋት ቡና ሳይጠጣ እንዲሄድ፣ ቁጥሩን እዚህ እንዲጽፍላት። እስካሁን አልጻፈም።

ማንጎውንስ? ዶክተሯን እማዬ ራሷ ጠየቀቻት። በቀን አንድ፣ ያለ ጁስ፣ ያለ ጨው ተባለች። ትናንት ስሄድ ደጅ ተቀምጣ ጨመቅ ጨመቅ ታደርገው ነበር፤ ጭማቂው በክንዷ ወርዶ ነጠላዋን ነክቶታል። ጎረቤታችንም አጠገቧ ነበረች። እሷ አሁን ደግሞ ስለ ፓፓያ የሰማችው ነገር አለ።